ዲዝኒ ክሩዝ ላይ ኮንሲየርጅ ክፍል ያዋጣል ወይ?

ጠያቂ (ደሴ፣ ሸዋበር)፦ ሰላም ጎበዝ፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ እማዬንና ልጆቿን ይዛ በዲዝኒ የመዝናኛ መርከብ ክሩዝ ልትሄድ ነው፣ እማዬ ደሞ ጉልበቷን ያማታል ሰልፍ አትችልም፣ ኮንሲየርጅ የሚሉትን ልዩ መስተንግዶ ያለውን ክፍል ትያዝ ወይስ ይቅር?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ እኛ ሞክረነዋል። ቀድመው ያሳፍሩሻል፣ የራሱ ላውንጅ አለው መክሰሱም መጠጡም እዛው ነው፣ ሽርሽሩን ምናምኑን ቡክ የሚያደርጉልሽ ሰዎች አሉ። እናቴ ነጠላዋን ደርባ ማኪያቶዋን ይዛ ባህሩን ስታይ ዋለች፣ ለኔ እሱ ብቻ ይበቃኛል።

ሌላ መልስ (ኮምቦልቻ)፦ ዋጋው ግን ከተራው ክፍል በጣም ይበልጣል። የልጆች ክለቡ እንደሆነ ለሁሉም ተሳፋሪ ነው። ለጉልበቷ ከሆነ ሊፍት አጠገብ ያለ ክፍል ያዙላት፣ ስትሳፈርም የዊልቸር እርዳታ ጠይቁ።

ጠያቂ፦ የሊፍቱን ነገር አላሰብነውም ነበር፣ አላህ ይስጣችሁ፣ ማታ እደውልላታለሁ።