የሳሎኑ ኤልኢዲ መብራት ዝቅ ሲል ይርገበገባል

እናቴ የዓይን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወዲህ ኃይለኛ ብርሃን ያስቸግራታል። ማታ ማታ የሳሎኑን መብራት ዝቅ የምታደርግበት ዲመር ለእሷ ቅንጦት አይደለም። ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ መስመሩም 220 ቮልት ነው። ዲመሩ የተገጠመው በድሮው ባለ ክር አምፖል ጊዜ ሲሆን ጀርባው ላይ «ከ60 እስከ 600 ዋት» ይላል። ባለፈው ወር ስድስቱንም አምፖሎች በባለ 7 ዋት ኤልኢዲ ቀየርኋቸው። ከዲመር ጋር እንደሚሠሩ ማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል።

ሙሉ ብርሃን ሲሰጡ ችግር የለባቸውም። ከግማሽ በታች ሳወርዳቸው ግን ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ዲመሩም ንብ የገባበት ይመስል እዝዝ ይላል። የላላ ሽቦ ጠርጥሬ ብሬከሩን አጥፍቼ ብሎኖቹን አጠበቅሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። አምፖሎቹን መኝታ ቤት ወስጄ በተራ ማብሪያ ማጥፊያ ሞከርኋቸው፤ ደህና ናቸው። በመጨረሻ አንዱን ኤልኢዲ አውጥቼ በቦታው የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል ስተካ ሁሉም ሳይርገበገቡ በሩ! ስድስቱ ተደምረው 42 ዋት ብቻ ስለሆኑ ዲመሩ ከሚፈልገው ዝቅተኛ ጭነት በታች ወርደዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ለኤልኢዲ የተሠራ ዲመር ልገዛ ነው። ሆኖም ግድግዳው ውስጥ ባለው ሳጥን የደረሱት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፦ ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) እና ወደ መብራቱ የሚሄደው። ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) እዚያ ድረስ አልተሳበም። ግድግዳ ሳልሰብር በእነዚህ ሁለት ሽቦዎች ብቻ የሚሠራና 42 ዋትን ሳያርገበግብ ዝቅ የሚያደርግ ምን ዓይነት ዲመር ልፈልግ?