ክርክር፦ የመሃል አዲስ አበባ አደባባዮች ክፍት ይሁኑ ወይስ ጥላ ይግባባቸው?

አወያይ፦ ከመስቀል አደባባይ እስከ ፒያሳ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል። ዘንባባው ይበቃል ወይስ ቅርንጫፈ ሰፊ ዛፍ ይተከል?

የመንገድ መሐንዲስ፦ አዲስ አበባ እኮ ድሬዳዋ አይደለችም። አብዛኛውን ቀን ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ከንጣፉ ሥር የውኃ ቧንቧ፣ የመብራትና የቴሌ ኬብል አለ። የዛፍ ሥር ንጣፉን ያነሳል፣ ቅጠል ክረምት ላይ የፍሳሽ ማስገቢያውን ይደፍናል።

ላንድስኬፕ አርክቴክት፦ ወንድሜ፣ 25 የሚሉት በጥላ የተለካ የአየር ሙቀት ነው። ሰውን የሚያቃጥለው ቀጥታ የሚወርድበት ጨረር ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐይዋ ትከራለች። እኩለ ቀን ላይ የታክሲ ሰልፍ እዩ፦ ሰዉ የማስታወቂያ ምሰሶ ጥላ ተከትሎ ይጣመማል፣ የቀረው ጃንጥላ ይዘረጋል። የጨረሩን ጫና ለመለካት ከፈለጋችሁ 40 ሚሊሜትር የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ደብዛዛ ግራጫ ቀቡ፣ የቴርሞሜትሩን ጫፍ መሃሉ ላይ አድርጉ፣ ከመሬት 1.1 ሜትር ላይ ስቀሉና ረግቶ እስኪቆም ጠብቁ። የአየሩን ሙቀትና ነፋሱንም አብራችሁ ካልያዛችሁ ቁጥሩ ብቻውን አይረዳም።

የዘንባባው ችግር ቁመቱ ነው። 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆንን በታኅሣሥ እኩለ ቀን 10 ሜትር ከፍታ ያለው አናት ጥላውን 6 ሜትር ወደ ሰሜን ይጥላል። ወንበሩ ግንዱ ሥር፣ ጥላው አስፋልት ላይ!

የአየር ንብረት ተመራማሪ፦ ጥላ ለማን የሚለውም ይታይ። አፍሪካ ኅብረት ለስብሰባ የመጣ የጅቡቲ ሰው ጠዋት እዚህ ይበርደዋል፣ ከሰሜን አውሮፓ የመጣው ፀሐይ ይፈልጋል። የአየር ሙቀትን፣ ጨረርን፣ እርጥበትንና ነፋስን አጣምሮ ሰው የሚሰማውን ሙቀት በዲግሪ በሚገልጸው፣ ፒኢቲ በሚባለው መለኪያ ለመካከለኛው አውሮፓ የተመቸ የሚባለው ከ18 እስከ 23 ሲሆን ለታይዋን ከ26 እስከ 30 ነው። ስለዚህ የሌላ አገር ደረጃ ገልብጦ አደባባይ መሥራት ያሳስታል። ፀሐይም ጥላም ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ይኑሩ፣ ሰው ይምረጥ።

ላንድስኬፕ አርክቴክት፦ እስማማለሁ፣ እህቴ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ብዙ ስለሆነ የወንበሩ ምሥራቅ ይከፈት፤ ዛፉ በደቡብ ምዕራብ ይቁም፣ ከቀትር እስከ 10 ሰዓት ይሸፍናል። ጃካራንዳ ያምራል፣ ግን በበጋው መገባደጃ፣ ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ስትል፣ ቅጠሉን ያራግፋል። ወይራ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ እስከዚያ የሸራ ጥላ ይተከል። የወንበሩ መቀመጫም እንጨት ይሁን፤ ጥቁር ድንጋይ ጠዋት ይበርዳል፣ ቀን ያቃጥላል።

የመንገድ መሐንዲስ፦ ኬብሉ በአንድ ወገን በቱቦ ከገባና ዛፉ በሌላው ወገን ከሆነ መቃወሜን እተዋለሁ። ጉድጓዱ ግን የይስሙላ አይሁን፤ ቢያንስ 1.5 በ1.5 ሜትር፣ 1 ሜትር ጥልቀት፣ አፈሩም በሮለር ያልተጠቀጠቀ። ሥር ንጣፍ የሚያነሳው ወደ ታች መሄጃ ሲያጣ ነው። የመጀመሪያዎቹን 2 በጋዎች ውኃ የሚያጠጣውም አካል ውሉ ላይ ካልተጻፈ አልፈርምም።