የሩዝ ፑዲንግ በስሎው ኩከር፦ ዳሩ አርሮ ወተቱ አይብ መሰለ

ወለላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 2 ኩባያ ባስማቲ ሩዝ አጥቤ፣ ቅባቱ ከወጣለት 1 ሊትር ወተት፣ ከስኳርና ከዘቢብ ጋር አንድ ላይ ስሎው ኩከር (በኤሌክትሪክ ቀስ አድርጎ የሚያበስል ማሰሮ) ውስጥ ጨምሬ "ሎው" (ዝቅተኛው ሙቀት) ላይ 6 ሰዓት ተውኩት። ዳር ዳሩ አረረ፣ መሃሉ ጓጎለ፣ ወተቱም አይብ መሰለ። ምኑን ላስተካክል?

የማጀት ሰው፦
እህቴ፣ መጀመሪያ መጠኑን። ለ150 ግራም ሩዝ (ሦስት ሩብ ኩባያ ገደማ) 1.2 ሊትር ቅባቱ ያልወጣለት ወተት ያስፈልጋል። ሩዙም አጭርና ድብልብል ይሁን፤ አርቦሪዮ ወይም የሱሺ ሩዝ። ባስማቲ ፍሬው ተነጣጥሎ እንዲቀር የሚያደርገው አሚሎስ የሚባል ስታርች ይበዛበታል፣ ለዚህ አይሆንም። ለቅመሽ አጽጂው እንጂ አትጠቢው፤ ወተቱን የሚያወፍረው አንዱ ነገር ላዩ ላይ ያለው ዱቄት ነው።

የማሰሮውን ውስጥ ባልተነጠረ ቅቤ ቀቢ። ወተቱን ምድጃ ላይ ዳር ዳሩ አረፋ እስኪይዝ አሙቂና ከሩዙ፣ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከአንድ እንጨት ቀረፋ ጋር ጨምሪ። "ሎው" ላይ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይበቃዋል። ሙቀቱ በብዛት የሚመጣው ከጎን ስለሆነ በየ30 ደቂቃው በእንጨት ማንኪያ ዳሩንና ታቹን እየጠረግሽ አማስይ። ስኳሩን (80 ግራም) ሩዙ ከለሰለሰ በኋላ ጨምሪ፤ ቀድሞ ከገባ ከሩዙ ጋር ውሃ ይሻማል፣ ፍሬው ቶሎ አይበስልም።

ቅርንፉድ፦
ወተቱን አይብ ያስመሰለው ሦስት ነገር ነው፤ ቅባቱ ማነሱ፣ 6 ሰዓት መቆየቱና የዘቢቡ ኮምጣጣነት። ዘቢቡን በሞቀ ውሃ ዘፍዝፈሽ ውሃውን አጥልይና በመጨረሻው 20 ደቂቃ ጨምሪ። ሎሚ ከወደድሽ ቢጫውን ልጣጭ ብቻ ፈቅፍቂበት፣ ጭማቂው አይግባ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ማጥፊያው ላይ ነው። ከአጥሚት ትንሽ ወፈር ሲል አጥፊው። ቀጠነ ብለሽ ከጠበቅሽው ሲቀዘቅዝ ድርቅ ይላል። እውነትም ውሃ ከሆነብሽ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ክዳኑን ገርበብ አድርጊው፣ እንፋሎቱ ተመልሶ እየተንጠባጠበ ነው የሚያቀጥነው።

ጓዳ በሪያድ፦
ዓረብ አገር ላላችሁ አርቦሪዮ ፍለጋ አትድከሙ፤ "የግብፅ ሩዝ" ተብሎ የሚሸጠው አጭር ሩዝ ግሩም ነው። ለሽታ 3 ፍሬ ሄል ሰንጠቅ አድርጋችሁ ጨምሩ። ኮረሪማ ጠንካራ ስለሆነ ቁንጥር ይበቃል።

ወለላ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለጾምስ ይሆናል?

የማጀት ሰው፦
ይሆናል። ባለ 400 ሚሊ ሊትር ሁለት ጣሳ የኮኮናት ወተት ከ400 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር አዋህጂ፣ ማሰሮውን በዘይት ቀቢ። ጣሳውን ከመክፈትሽ በፊት በደንብ ነቅንቂው። ቅባቱ ላይ ቢንሳፈፍ አትደንግጪ፤ ሲማሰል ይመለሳል።

ቅርንፉድ፦
አንድ ማሳሰቢያ፤ የተረፈውን ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ገልብጠሽ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቢ። በሩዝ ላይ የሚገኝ የባክቴሪያ ዘር ሲበስል አይሞትም፤ ለብ ባለ ሩዝ ውስጥ ይራባል፣ የሚተወው መርዝም እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። ስታሞቂው ትንሽ ወተት ጠብ እያደረግሽ አማስይው።