እህቴ የገዳይ አድናቂ ሆናብኛለች፣ እንዴት ላናግራት?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ነኝ። ታናሽ እህቴ 19 ዓመቷ ነው። ጅቡቲ ያለው የአጎታችን ልጅ ኔትፍሊክስ ከከፈተልን ወዲህ ሥራዋ እውነተኛ የወንጀል ታሪክ ማየት ሆኗል። ማየቷን አልጠላሁም፣ ማታ ሙቀቱ አላስተኛ ሲለን ግቢ ፍራሽ ዘርግተን በአንድ ስልክ አብረን እናያለን። ያስጨነቀኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የአሜሪካዊውን ተከታታይ ገዳይ የዳህመርን ፊልም ከጨረሰች ጀምሮ የተዋናዩን እንኳን ሳይሆን የራሱን የገዳዩን ፎቶ በዘፈን እያቀናበሩ የሚለቁ ቲክቶከሮችን ትከተላለች። «ያሳዝናል እኮ፣ ብቸኛ ነበር» ትለኛለች። ሰውየው እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1991 ድረስ 17 ሰው ገድሏል። የአንዳቸውን ስም ንገሪኝ ስላት ዝም አለች። የሱን ግን የመነጽሩን ቅርጽ ሳይቀር ታውቃለች።

እኛ ሰፈር ልጃቸው የተገደለባቸው እናት አሉ። ስንት ዓመት ሆኖታል፣ እስካሁን ጥቁር አላወለቁም። ቡና ስንጠራቸው በሩ ጋ ነው የሚቀመጡት። እሳቸውን ሳይ የእህቴ ስልክ ላይ ያለው ነገር ያመኛል። መቆጣት አልፈልግም። ምን ልበላት?

ከዚራ፦
አቦ ቶሎ አትፍረጂባት። እኔም ሴት ነኝ፣ እነዚህን ፊልሞች የማየው ማታ ባጃጅ ስይዝ ምን ምን ማስተዋል እንዳለብኝ ስለሚያስታውሱኝ ነው። ብዙ ጓደኞቼም እንደዚያ ናቸው። ግን ፎቶውን በዘፈን ማቀናበሩ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። አንድ ነገር ሞክሪ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1991 የሆነውን አንስተሽ አውሪያት። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከዳህመር ቤት አምልጦ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር። የሰፈሩ ጥቁር ሴቶች አይተውት ፖሊስ ጠሩ፣ ልጁ እንደተጎዳ ነገሯቸው፣ ፖሊሶቹ ግን የገዳዩን ቃል አምነው ልጁን መልሰው እዚያው ቤት አስገቡት። ያን ሌሊት ተገደለ። ከሱ በኋላም አራት ሰው ሞተ። እኔ እነዚያን ሴቶች ነው የማደንቀው። እህትሽ ለሚያሳዝን ነገር ልቧ ክፍት ከሆነ እዚህ ጋ ይሰበራል።

ጀጎል፦
ከሐረር ነኝ። ይሄ ነገር በእህትሽ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሴቶችን ይገድል የነበረው የአሜሪካዊው የቴድ ባንዲ ዶክመንተሪ ሲወጣ ሰው ስለ መልኩ ብቻ ሲያወራ ኔትፍሊክስ ራሱ በትዊተር ጣልቃ ገብቶ ነበር፣ ቆንጆ ወንድ ከፈለጋችሁ ነፍሰ ገዳይ ያልሆኑ በሺዎች አሉን እስከማለት። በ2022 ደግሞ ሰው አስፈሪ ልብስ ለብሶ ለሚያከብረው ለሃሎዊን በዓል የዳህመርን ልብስና መነጽር መሸጥ ሲጀመር ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ከለከለ። የሟቾቹ ቤተሰቦች ያ የዳህመር ተከታታይ ፊልም ማንም ሳያማክረን ነው የተሠራው ብለው አልቅሰዋል። እኔ ፊልም አትይ አልላትም፣ የምታየውን ለውጪላት ነው የምልሽ። አማዞን በ2020 ያወጣው የባንዲ ዶክመንተሪ አለ፣ እዚያ ላይ የሚናገሩት ከሱ የተረፉ ሴቶችና የሟቾች ቤተሰቦች ናቸው። እሱ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ሴቶቹ ወደ መሀል ይመጣሉ። ልዩነቱ ያስገርማል።

ደቻቱ፦
እኔን ከአድናቂው በላይ የሚያስፈራኝ መርማሪ ነኝ ባዩ ነው። ሎስ አንጀለስ ሴሲል ሆቴል እ.ኤ.አ. በ2013 አንዲት ተማሪ ጣሪያ ላይ ባለ የውኃ ታንከር ውስጥ ሞታ ተገኘች። የአስከሬን ምርመራው በድንገት ሰጥማ ነው አለ። የኢንተርኔት ሰው ግን አላመነም፣ አንድ ሜክሲኳዊ ሙዚቀኛ ቀደም ብሎ እዚያ ሆቴል አርፎ ስለነበር ብቻ ገዳዩ እሱ ነው ብለው ወጡበት። እሷ ስትሞት እሱ በዚያ አገር አልነበረም። የሞት ዛቻ ዘነበበት። እኛም አገር ሰው ጠፋ ሲባል ኮሜንት ውስጥ ገብታችሁ እዩ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ «ባሏ ነው» ይባላል። እህትሽ ኮሜንት ትጽፋለች? እሱን ጠይቂያት።

የሳቢያን ልጅ፦
አመሰግናለሁ፣ በተለይ ከዚራ። ትናንት ማታ የልጁን ታሪክ አወራኋት። ያን ክፍል አይታዋለች፣ ግን የእውነት እንደዚያ የሆነ አልመሰላትም ነበር። «ለፊልሙ የጨመሩት ነው ያልኩት» አለችኝ። ብዙ ቆይታ ፖሊሶቹ ታሰሩ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከሥራ ተባረው እንደነበረና በፍርድ ቤት ተከራክረው እንደተመለሱ አንብቤ ነገርኳት፣ ተናደደች። ሁለቱን የቲክቶክ ገጾች አጥፍታለች፣ አንዱን ግን ገና አልተወችም፣ ተጨቃጭቀናል። ኮሜንት አልጽፍም ትላለች፣ አምኛታለሁ። ጀጎል ያልከውን የባንዲ ዶክመንተሪ የአጎታችን ልጅ ይፈልግልናል፣ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን።