ሁለት ሃላ አሉ፣ የቷን ልጻፍ? (የአይስላንድ ፕሬዚዳንት ምርጫ)

ጥያቄ፦ ማሂ ከሰሜን
ሰላም ለሁላችሁ። ዜግነት ያገኘሁት ዓምና ስለሆነ ፕሬዚዳንት ስመርጥ ገና የመጀመሪያዬ ነው። ምርጫው ቅዳሜ ጁን 1፣ 2024 ነው፤ እኔ ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነኝ። ቀድሞ መምረጥ ይቻላል? ደግሞ በሜይ መጀመሪያ ከኬፍላቪክ ወደ ሬይኪያቪክ ቤት ቀይሬያለሁ። የት ልሂድ? ተወዳዳሪዎቹ 12 ናቸው፣ ሁለቱ ሃላ! የሥራ ጓደኞቼ «ሃላን ምረጪ» ይሉኛል፤ የቷን እንደሆነ ግን አይነግሩኝም።

ቡና በብርድ
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ቀድሞ መምረጥ ይቻላል። ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ያዢ። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፦ ቀድመሽ ስትመርጪ የሚሰጥሽ ወረቀት ባዶ ነው፣ የተወዳዳሪ ስም አልታተመበትም። ወይ በእጅሽ ትጽፊያለሽ፣ ወይ እዚያው ባለው ማህተም ትመቻለሽ። «ሃላ» ብለሽ ብቻ እንዳትወጪ! ከነአባቷ ጻፊ። ሃላ ቶማስዶቲር የቶማስ ልጅ ናት፤ ነጋዴ ናት፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ የማታጣዋ፣ በ2016ም ሁለተኛ የወጣችው። ሃላ ህሩንድ ሎጋዶቲር የሎጊ ልጅ፣ የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ። ሰዎቹ እንደኛው በአባት ስም ነው የሚሄዱት፤ ለኛ ቢያንስ ይሄ አይከብደንም።

ጋሽ ዝናቡ
ልጄ፣ የአድራሻውን ነገር እንዳትንቂው። የሚታየው ከምርጫው 38 ቀን በፊት የተመዘገብሽበት ነው፤ ኤፕሪል 24 ማለት ነው። አንቺ ከዚያ በኋላ ስለቀየርሽ ስምሽ ያለው ኬፍላቪክ ነው። እኔ በአንድ ምርጫ አዲሱ ሰፈሬ ሄጄ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ፣ ልጅቷ በማስመሪያ እየተከተለች መዝገቡን ሁለቴ አየች፣ ስሜ የለም። በዝናብ ተመለስኩ። ሬይኪያቪክ ሆነሽ ቀድመሽ ብትመርጪ ደግሞ ፖስታው ኬፍላቪክ እንዲደርስ ማድረግ ያንቺ ጣጣ ነው። አንድ ቀን አውቶቡስ ያዢና እዚያው ያለው የሲስሉማዱር (የመንግሥት የወረዳ ኃላፊ) ቢሮ ሄደሽ ጨርሺው።

ኑኑ
ዜግነት የለኝም፣ 4 ዓመት ኖሬያለሁ። እኔስ?

ቡና በብርድ
ፕሬዚዳንት የሚመርጠው ዜጋ ብቻ ነው ኑኑዬ። ለከተማ ምክር ቤት ግን 3 ዓመት ከኖርሽ ትመርጫለሽ።

ተረጋጋ
ኧረ ምን አስጨነቃችሁ፣ ፕሬዚዳንቱ ሪባን ከመቁረጥ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ጋሽ ዝናቡ
አለው እንጂ! በ2010 የያኔው ፕሬዚዳንት ኦላፉር ራግናር የአይስሴቭን (የከሰረ ባንካቸው ለውጭ ቆጣቢዎች ያስቀረውን) ዕዳ ሕግ አልፈርምም ብሎ ወደ ሕዝብ መራው፣ ሕዝቡም ጣለው። ደሞ እዚህ አገር ሁለተኛ ዙር የለም፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ አለቀ። የቀድሞዋ ፕሬዚዳንት ቪግዲስ በ1980 ያሸነፈችው 34 ከመቶ እንኳ ሳይሞላላት ነው። ስለዚህ አንድ ድምፅም ቢሆን ዋጋ አላት።

ማሂ ከሰሜን (ጁን 2)
አመሰግናለሁ፣ ተሳካ! ሐሙስ ኬፍላቪክ ሄድኩ። እስክሪብቶ አንስቼ በአይስላንድኛ ስሟ ፊደል ላይ ያለችው ጭረት የቱ ጋ እንደምትውል ጠፋኝ፣ በማህተሙ መታሁት። ሌሊት ቆጠራውን ሳይ አደርኩ። ሃላ ቶማስዶቲር 34.1 ከመቶ አግኝታ አሸነፈች፤ ጠቅላይ ሚኒስትርነቷን ትታ የተወዳደረችው ካትሪን 25.2። ጓደኞቼ «ሃላ» ሲሉ ለካ የቶማስን ልጅ ኖሯል። እኔ የሎጊን ልጅ ነው የመረጥኩት።