እጅ የሚበስለው ባንድ ሚዲየም ብቻ ነው?

ሊኖ፦
«ያረጀ ብሩሽ» ትናንት በሌላኛው ልጥፍ ሥር የጻፉትን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ስልት ለቸገረው ጀማሪ የሰጡት ምክር ይሄ ነው፦ «ስልት ማለት እጅ ነው። እጅ የሚበስለው ባንድ ሚዲየም (በሚሠሩበት ቁስ) ነው። ሸራና ዘይት ቀለም ይያዝና አሥር ዓመት ይቀመጥበት፤ ሌላው ይደርሳል።» ይህን አምኖ ያልተመቸው ነገር ላይ የሚቀር ስንት ልጅ አለ! ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ የእንጨት ህትመትን ከጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ ተማረ፤ ኋላ የቀርከሃ ስንጥር እየደረደረ የሸማኔ ዕቃ በሚመስል ረጅምና ጠባብ ገጽ ላይ ሳለ። ሸራ ላይ ብቻ ቢቀመጥ ኖሮ ያ ቀርከሃ ከየት ይመጣ ነበር?

ያረጀ ብሩሽ፦
ልጄ፣ የጻፍኩትን አልክድም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ዘሪሁን ቀርከሃውን ያነሣው የሥዕል ትምህርቱን ጨርሶ ነው። አሁን የሚታየው ሌላ ነው። ልጁ ዘይት ቀለም ስድስት ወር ይሞክራል፤ ቀለሙ ይጨቀይበታል። ለምን? የታችኛው ሳይደርቅ ደጋግሞ ያሸዋል፣ ጨለማውንም ብርሃኑንም ባንድ ብሩሽ ይነካል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ለጨለማ አንድ፣ ለብርሃን አንድ ብሩሽ መለየት፤ የታችኛውን ድርብ በተርፐንታይን ማቅጠን፣ የተልባ ዘይቱን ለላይኛው ማቆየት። ይህን ከመማር «ዘይት ቀለም የኔ አይደለም» ብሎ ወደ አክሪሊክ ይሄዳል። አክሪሊኩ በሩብ ሰዓት ይደርቅበትና ጠርዝ ማለስለስ ሲያቅተው ኮላጅ (ወረቀት እየቀደዱ መለጠፍ) ይጀምራል። በየደረሰበት ያልተፈታ ችግር ትቶ ነው የሚያልፈው። ይህ ስልት ፍለጋ አይደለም፣ ሽሽት ነው።

ሊኖ፦
የሚሸሽ አለ፤ አልከራከርም። ግን የሚሸሸውንና የሚፈትሸውን ባንድ ስም አይጥሩብን። ሸራ ላይ መስመር የሚጨመር ነገር ነው። እንጨት ላይ መስመር ማለት ዙሪያው ተቦርቡሮ የሚተርፈው ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ካቀጠኑት፣ መቦርቦሪያው የእንጨቱን ጭረት አቋርጦ ሲያልፍ ገንጥሎት ይሄዳል። ሮለሩ ላይ ቀለም ከበዛ ደግሞ ጠባቡ ጎድጓዳ ይሞላና ሁለት መስመር አንድ ይሆናል። ስለዚህ ሠሪው የግድ ይመርጣል፦ ከሃያው መስመር የትኞቹ አምስት ይቅሩ? እጅ የሚታየው እዚያ ምርጫ ላይ ነው። ዘይት ቀለም ሃያውንም ይፈቅዳል፤ ነገ ልትሸፍነውም ትችላለህ። ምን እንደምትወድ ሳታውቅ አሥር ዓመትህ ያልፋል።

ዳጋ፦
ሁለታችሁም «እጅ» ትላላችሁ፤ የምትሉት ግን አንድ አይደለም። ጋሼ ችሎታ ማለታቸው ነው፣ ሊኖ ምርጫ ማለቷ ነው። ወደ ኋላ ሂዱና እዩ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከብራና ወደ እንጨት ገበታ፣ ከዚያም ግድግዳ ላይ ወደሚለጠፍ ጨርቅ ተሻግሯል። ዓይኑ ትልቅ ነው፣ ዙሪያው በጥቁር መስመር ይከበባል፣ ጻድቁ በሙሉ ፊት ክፉው በጎን ይሳላል። ቁሱ ሲለወጥ ይሄ አልተለወጠም። ስልት ቁስ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ብራናው ላይ በቀረ ነበር።

ያረጀ ብሩሽ፦
እሱ የማኅበር ስልት ነው፣ ደንብ ነው። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ የሚቀበለው ነው። የምንነጋገረው ስለ ግል ስልት ነው።

ዳጋ፦
በደንቡ ውስጥም የግል አለ። ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የሠራ ነው። ስሙ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ ተጽፏል። ደንቡን ሳይጥስ የእሱ እጅ ተለይቶ ይታወቃል፤ ስም ያልተጻፈባቸውን ሥዕሎች ሳይቀር ባለሙያዎች የእሱ ወይም የተከታዮቹ የሚሉት በዚያው እጅ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሠዓሊውን እስክንድር ቦጎሲያንን እስካሁን ማንም አለመጥራቱ ገርሞኛል። ኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ያለው የ1964 እ.ኤ.አ. ሥራው በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ፣ በቴምፔራና በብረትማ ቀለም ነው የተሠራው። ብራና ላይም ሠርቷል፣ የዛፍ ልጥ ጨርቅ ላይም ሠርቷል። እዚህ ዋሽንግተን ኤምባሲያችን ያለው፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ከከበደች ተክለአብ ጋር የሠሩት ግድግዳ ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ሂዱና ፊቱ ቁሙ፦ ምልክቶቹ፣ የክታብ ጥቅልል የሚያስታውሰው ክፍፍል፣ ሁሉም አለ። ስንት ዛፍ ወጣ ልንል ነው?

ያረጀ ብሩሽ፦
እስክንድር ለትምህርት አገር የለቀቀው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። እስከ 1964 ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ለንደንም ፓሪስም ያለፉበት ዘጠኝ ዓመት። እኔ አሥር አልኩ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ዘጠኝ ዓመት ተማረ ማለት ዘጠኝ ዓመት ባንድ ሚዲየም ተቀመጠ ማለት አይደለም። ዓመቱን ማንም አልተቃወመዎትም። «ባንድ ሚዲየም» ያሉትን ያስረዱን።

ፒክስል፦
የሚሣልበትን ታብሌት «ሌላው ይደርሳል» ውስጥ ከታችሁ አትለፉት። ታብሌት ላይ ስልት የሚጠፋበት ምክንያት በግልጽ ይታወቃል። አንዱ የተዘጋጀ ብሩሽ ነው፤ የገዛችሁት ጥቅል ሸካራነቱም የጠርዙ አወራረድም የአዘጋጁ ነው፣ ሺህ ሰው ያንኑ ይጠቀማል። ሌላው መመለሻው ነው። በሁለት ጣት መታ ባደረጋችሁ ቁጥር ያልጣማችሁ መስመር ይጠፋል፤ የናንተ የሆነው ዘንበል ማለት አብሮ ይደመሰሳል። አንድ ክብ ብሩሽ፣ አንድ ሌየር (ድርብ)፣ መመለሻ የለም፣ ማጉያም የለም። ሠላሳ ሥዕል እንዲህ ሥሩ።

ያረጀ ብሩሽ፦
«ሠላሳ ሥዕል ባንድ ብሩሽ» አልክ? ይሄ የኔው ምክር ነው።

ፒክስል፦
ሠላሳው ሥዕል ሦስት ሳምንት ነው ጋሼ። አሥር ዓመት አይደለም።

ዳጋ፦
ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌስ? አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር መስታወት ላይ ጥቁሩ መስመር ጌጥ አይደለም፤ መስታወቱን አቅፎ የያዘው እርሳስ ነው። ፊቱና ልብሱ በቀጥታ ጠርዝ የተከፋፈሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ ማዕዘን ያለው መስታወት ሲቆረጥ ይሰነጠቃል። ያው ጠርዝ ግን እርሳስ የማያስፈልገው ሸራው ላይም አለ።

ያረጀ ብሩሽ፦
እሱው የሠራው፣ ሐረር የነበረው የራስ መኮንን ሐውልትስ? ፈረሱ ላይ ያ ጠርዝ የታለ? እጁ ሁሉም ቦታ የሚከተለው ከሆነ እዚያም ይከተለው ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሐውልት አደባባይ ላይ የሚቆም የታዘዘ ሥራ ነው። ሰው ፈረሰኛውን ከሩቅ መለየት አለበት። ከሸራ ጋር ባንድ ሚዛን አይመዘንም።

ያረጀ ብሩሽ፦
አዳራሹም የታዘዘ ነው። ሲመቻችሁ ትቆጥሩታላችሁ፣ ሳይመቻችሁ ታወጡታላችሁ።

የሸማ ጥለት፦
በሟች ሥራ ከምንሟገት የሚሠራ ፈተና ላስቀምጥ። አንድ ጀበና ፊታችሁ አኑሩ። በስድስት ቁስ ሥሩት፦ በከሰል፣ በጥቁር ቀለም በብሩሽ፣ በውሃ ቀለም፣ በሊኖ (እንደ እንጨቱ ተቦርቡሮ በሚታተም ሊኖሊየም)፣ በተቀደደ ወረቀት፣ በሸክላ ጭቃ። ከየዓይነቱ አምስት፤ ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ፣ ለሊኖ ብቻ ሰዓት። ሥዕሎቹን ባንድ ግድግዳ ስቀሉ፣ ጭቃውን ከሥር ደርድሩ፣ ሦስት ቀን አትዩት። ከዚያ ጠይቁ፦ ጀበናው ገጹን ምን ያህል ይዞታል? ከባዱ ጥቁር የት አረፈ? አንገቱ ከሆዱ አንጻር ረዘመ ወይስ አጠረ? ጠርዙ ተዘግቷል ወይስ ክፍት ነው? ከስድስቱ በአራቱ የተደገመው የናንተ ነው። ባንዱ ብቻ የታየው የቁሱ ነው፤ የውሃ ቀለም ሲደርቅ ዳሩ ላይ የሚተወው ጠቆር ያለ መስመር ምን ቢያምር የውሃና የወረቀት ሥራ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከፎቶ ሲሠራ ነው። ስድስቱም ላይ አንድ አቀማመጥ ይወጣና ስልቴን አገኘሁ ይላል፤ ያ የካሜራው ነው። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ጀበናውን ሩብ ዙር አዙሩት። ሊኖው ተገልብጦ ስለሚታተም ግራ ቀኙን ስትመዝኑ አትርሱ።

ያረጀ ብሩሽ፦
ፈተናው ደግ ነው። ግን ሊኖ ነክቶ የማያውቅ ልጅ አምስት ሊኖ ሲቦረቡር የሚታየው ስልቱ ነው ወይስ አለመቻሉ? የመቦርቦሪያው ማንሸራተት በአምስቱም ላይ ይደገማል። የተደገመ ሁሉ የሱ ነው ልትይ ነው?

የሸማ ጥለት፦
ለዚህ ነው ከስድስቱ በአራቱ ያልኩት። የሊኖ ማንሸራተት ከሰል ላይ አይደገምም።

ያረጀ ብሩሽ፦
ከስድስቱ አምስቱን ካልቻለስ? አለመቻልም በአምስቱ ይደገማል እኮ። አንዱን የቻለ ልጅ ቢያንስ አለመቻሉን ከምርጫው ይለያል። «አሥር ዓመት» ያልኩት ለዚህ ነው።

ሊኖ፦
ታዲያ እርስዎ ይሥሩት ጋሼ። ዘይት ቀለሙን ያወቁት ስለሆነ እሱን ጨምረው፣ ሊኖም አንድ። ሊኖውን እኔ እልክልዎታለሁ። ከመቁረጥዎ በፊት ትንሽ ያሙቁት፣ ሲቀዘቅዝ ይሰባበራል።

ያረጀ ብሩሽ፦
እሠራዋለሁ። መቦርቦሪያው የተሳለ ይሁን እንጂ። ግን ሊኖው ተበላሽቶ ከወጣ ሚዲየሙ አልበሰለልኝም ማለት ነው፤ የጻፍኩትም እሱኑ ነው።

ሊኖ፦
መበላሸቱን አናይም። የምናየው ጀበናውን ወረቀቱ ላይ የት እንዳስቀመጡት ነው።