ሃይብሪድ ሚኒቫን ለትልቅ ቤተሰብ፦ አዳማ ላይ የሚነዳ አለ?

የልጆቹ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ልጆች አሉን፣ እናቴም ከእኛው ጋር ናት። ኮሮላችን አልበቃ ብሎናል። ሶደሬ እንሂድ ሲባል ግማሹ በመኪና ግማሹ በሚኒባስ ነው የሚሄደው፣ ትንሹ ልጅ ሚኒባስ ከደረሰው ቀኑን ሙሉ ያኮርፋል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ የቶዮታ ሚኒቫን፣ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ) ሲየና ገዝቶ በደወለ ቁጥር ወሬው እሱ ብቻ ሆኗል። ሰባት ሰው ከነሻንጣው ይይዛል፣ ነዳጅ አይጠጣም ይላል። አሁን አንድ ደላላ አዲስ አበባ ውስጥ የ2021 ሲየና አለ፣ ሊብሬውም አልቋል አለን። ባለቤቴ ግን «ባትሪው የሞተ ቀን ግቢ አቁመን ዶሮ እናሳድርበታለን» ባይ ነው። ደግሞስ ቻርጅ የት ላድርገው? የሰፈራችንን መብራት ታውቁታላችሁ። የነዳችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

የፍራንኮው፦
እህቴ፣ የቻርጁን ነገር እርሺው። ሲየና አይሰካም። ቤንዚን ትቀጂያለሽ፣ በቃ። ባትሪውን የሚሞላው ራሱ ሞተሩ ነው፣ ፍሬን ስትይዢም በከንቱ ይቀር የነበረው ጉልበት ወደ ባትሪው ይመለሳል። የሚሰካው ሌላ ነው፤ ክራይስለር ፓስፊካ ሃይብሪድ የሚባለው። እሱ 16 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አለው፣ ከተሞላ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ ቤንዚን ይሄዳል፣ ሲያልቅበት እንደማንኛውም ሃይብሪድ ይሆናል። ደላሎች ሁለቱን እየደባለቁ ነው ሰውን ግራ የሚያጋቡት።

ወንድምሽ አልዋሸም። ቶዮታ ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ሲየናን በሃይብሪድ ብቻ ነው የሚሠራው። የድሮውን ባለ 6 ሲሊንደር (ቪ6) ሞተር ጥሎ 2.5 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር አስገባበት። በአሜሪካኖቹ መለኪያ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ የድሮው 9 አካባቢ ነበር። ኪያም በ2025 ሞዴሉ ካርኒቫልን በሃይብሪድ አምጥቶታል፣ እሱ እንኳ እዚህ ድረስ የሚመጣ አይመስለኝም።

ሶደሬ መንገድ፦
ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ግን የት ነው የምትነጂው? ሃይብሪድ የሚያተርፈው ቆም ሄድ ባለበት ቦታ ነው። ፖስታ ቤት ጋ ከባጃጅና ከጋሪ ጋር ስትጋፊ ሞተሩ ጠፍቶ በባትሪ ነው የምትንፏቀቂው፣ ጥቅሙ እዚያ ነው የሚታይሽ። ፈጣን መንገዱ ላይ 120 ይዘሽ ስትሄጂ ግን ልዩነቱ ይጠባል። ደግሞ አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ወደ ላይ ስትወጪ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ የቤንዚን ሞተር ሁሉ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ኤሌክትሪኩ ሞተር ግን ከፍታ አያስጨንቀውም፣ ያግዘዋል። ሰባት ሰው ጭነሽ ዳገት ላይ ስትረግጪው ሞተሩ ይጮሃል፣ ካምቢዮው እንደለመድሽው ማርሽ የሚቀይር ስላልሆነ ነው፣ አትደንግጪ።

ባለ ጋራዡ፦
የባትሪ ሞት የሚባለው ወሬ ተጋኗል። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ባትሪ የ10 ዓመት ወይም የ150,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል። እዚህ ላንቺ አይሠራም፣ ግን ሠሪው ምን ያህል እንደሚተማመንበት ይናገራል።

ባትሪ የሚገድለው ሙቀትና አቧራ ነው፣ አዳማ ላይ ደግሞ ሁለቱም ሞልተዋል። የሲየና ባትሪ ከፊት ወንበሮች ሥር ነው ያለው፣ የሚቀዘቅዘውም መኪናው ውስጥ ባለው አየር ነው። አየር የሚስብበት ቀዳዳ ከታፈነ አለቀለት። በቅርቡ አንድ ባለ ሃይብሪድ «ከወንበሬ ሥር ነፋስ ይጮኻል» ብሎ መጣ። ሽፋኑን ፈታሁት። ቆሎ፣ የማስቲካ ወረቀት፣ አንድ እግር የሕፃን ካልሲ፣ በላዩ ላይ እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ! ማራገቢያው ያን ሁሉ አልፎ ሊስብ ሲታገል ነበር የሚጮኸው። ጠርገን ሰደድነው። አራት ልጅ ካለሽ ይህችን ቀዳዳ ከዘይት ቅየራ እኩል ያዢያት። ብርቱካናማ ገመድ ካየሽ ደግሞ ማንም የሰፈር ኤሌክትሪሽያን እንዳይነካው፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ ይገድላል።

ሌላው ስኮርታ ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳው ሲየና ስኮርታ ይዞ አይመጣም። ሶደሬ መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ምን ልታደርጊ ነው? የትኛው ዓይነት እንደሆነ ደላላውን ጠይቂው። አላውቅም ካለሽ ጎንበስ ብለሽ እዪ፣ ኋላ የኤሌክትሪክ ሞተር ካለበት እሱ ነው።

ቀበሌ 08፦
ሁላችሁም ስለ ሞተር ብቻ። መንግሥት በእኛ አቆጣጠር በጥር 2016 ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር እንዳይገባ ከልክሎ የለም እንዴ? ስለዚህ የምትገዢው ቀድሞ የገባ መኪና ነው፣ የሚተካው አይመጣም፣ መብራቱና በሩ ሲሰበር ዕቃውን ከየት ልታመጪ ነው? እኔ ብሆን ሰባት ሰው የሚይዘውን የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና፣ አይዲ 6ን፣ እገዛ ነበር። ዕቃውም ሰዉም እየለመደው ነው። ሊብሬው አልቋል የሚለውንም እንዳለ አትመኚው፤ የሻሲ ቁጥሩን ከሊብሬውና ከጉምሩክ ወረቀቱ ጋር አስተያዪ፣ የባንክ እግድ እንደሌለበትም አጣሪ።

የፍራንኮው፦
ወረቀቱ ላይ ልክ ነህ። አይዲ 6ን ግን ግቢው ውስጥ ቻርጀር ለሌለው ሰው አልመክርም። መብራት ሄዶ ባደረበት ማለዳ አዲስ አበባ የሚያስኬድ ጉዳይ ቢመጣባትስ? ዕቃው ውድ ይሆናል፣ አልካድኩም፣ ግን ቢያንስ ትነዳዋለች።

የልጆቹ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ባለ ጋራዡ፣ አንድ ልጠይቅህ፤ እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ኋላ ድረስ መግባት አትችልም። እና ደግሞ ከመክፈላችን በፊት ምን ላስፈትሽ?

ባለ ጋራዡ፦
እማማን መሀል ወንበር ላይ አስቀምጫቸው። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ በሩ ወደ ጎን ስለሚንሸራተት እንደ ላንድክሩዘር መንጠላጠል የለም። ኋላ ልጆቹ ይግቡ። መኪናውን ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ እዪው፤ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶ ከጠበቀሽ ሌላ ቀን ተመለሺ። በኮምፒውተር የባትሪውን ክፍሎች ቮልቴጅ አስነብቢ፣ አንዱ ከሌሎቹ ወርዶ ከታየ ዋጋውን አስቀንሺ ወይም ተዪው። ስትሞክሪውም ሰባታችሁም ገብታችሁ ኤሲ ከፍታችሁ ዳገት ውጡበት፣ ለብቻሽ ነድተሽ እንዳትወስኚ።